እናቴን ቅጠል ላሳያት፤ ከከተማ ሳልወጣ የት ልውሰዳት?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ እርዱኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ደርባ፣ ሻይዋን ይዛ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። ባለፈው ሰኞ ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ጠራችኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ዛፍ በጣቷ እያሳየች ምን ነክቶት ነው አለችኝ። አናቱ ቀልቷል፤ የታችኛው ቅርንጫፍ ገና አረንጓዴ ነው። የታመመ መስሏት ለሚመለከተው ሰው ንገሪ አለችኝ። አልታመመም፣ በየዓመቱ በዚህ ወር እንዲህ ይሆናል አልኳት። ይሄ ብቻ? አይ፣ አብዛኛው ዛፍ። ዝም ብላ ቆየችና፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትደውዪ ይህን እንዴት አንድ ቀን አላነሳሽም አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ ቅጠል የማውቀው የመኪናዬ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሲያስቸግረኝ ነው።

ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ነኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃና ዳገት አይሆንላትም። ረጅም የመኪና መንገድ ደግሞ ያዞራታል። ስለዚህ ተራራው ይቅር። ከከተማ ሳንወጣ ቅጠሉ ደህና አድርጎ የሚታየው የት ነው? ሌላም አለኝ፤ ይህን ወቅት በአማርኛ ምን ብዬ ልንገራት?

(በኋላ የታከለ፦ ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም እንዳያገላብጥ ምላሾቹን ከዚህ በታች በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ያዛባሁበት ሰው ካለ ይቅርታ። 9ኛውን ግን ሆን ብዬ ነው ያሳጠርኩት።)

1ኛ ምላሽ

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ስካይላይን ድራይቭ ውሰጃት የሚል ነው። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተራራው ጫፍ ላይ 105 ማይል የሚዘረጋ መንገድ እንደሆነ፣ ግራና ቀኙ ሸለቆ እንደሆነ፣ በየመቆሚያው ወርዶ ፎቶ መነሳት እንደሚቻል በዝርዝር ጻፈ። ሁሉም ልክ ነው። ጥያቄዬን ግን አላነበበም።

2ኛ ምላሽ

1ኛውን ወረፈው። ሴትዮዋ ተራራ ይቅር ብላለች፣ ዓይን የለህም ወይ የሚል መንፈስ ነበረው። በጥቅምት ቅዳሜና እሁድ የፓርኩ በር ላይ የመኪና ሰልፍ እንደሚጠብቅም አከለ። አንድ ዓመት ልጆቹን ይዞ ሄዶ ከቅጠሉ ይልቅ የፊት መኪናውን ታርጋ ሲያይ እንደዋለ አጫወተን።

3ኛ ምላሽ

ከሁሉም ይህን ወደድኩት። እናቴን እንኳን ደህና መጡ በይልኝ ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ ሮክ ክሪክ ፓርክን አነሳ። ከ1890 ጀምሮ የተከለለ፣ 1,754 ኤከር የሚሰፋ፣ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ የሚያልፍ ጫካ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ቢች ድራይቭ የሚባለው መንገድ የላይኛው ክፍል ለመኪና ዝግ ሆኖ ለእግረኛና ለብስክሌት ተትቷል። አስፋልት ስለሆነ ድንጋይ አያደናቅፍም፣ ደረጃም የለውም። የሚታጠፍ ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፣ እሳቸው ይቀመጡ፣ ቅጠሉ ራሱ ይመጣላቸዋል ለማለት ነው የፈለገው።

ይህ ሰው የሌሊት ሥራ ነው የሚሠራው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲወጣ ቤት ከመግባቱ በፊት እዚያ ግማሽ ሰዓት ይራመዳል። ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው ረጅሙ ቱሊፕ ዛፍ መሆኑን የለየው እንዲሁ በማየት ብዛት ነው። አንድ ነገር ጽፎ አልረሳሁትም። ወንዙ ድንጋይ ሲገጥመው ቅጠሎቹ ከድንጋዩ ጀርባ ይሰበሰቡና እዚያው ይሽከረከራሉ። ጥቂት ዞረው አንዱ ያመልጣል። ሌላ ይተካል። እሱ ቆሞ ይህን ሲያይ ነው እንቅልፉ የሚመጣው።

4ኛ ምላሽ

ፓርኪንግ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

5ኛና 6ኛ ምላሽ

5ኛው ናሽናል አርቦሪተምን አነሳ። ኮንግረስ በ1927 ያቋቋመው የዛፍ ማሳያ ነው። 446 ኤከር ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። ለእናቴ የሚመቸው ደግሞ በመኪና ውስጥ ለውስጥ መዞር መቻሉ ነው። ደስ ያላት ቦታ ላይ ቁሚ፣ ትውረድ፣ ስትደክም ትግባ። ከድሮው የካፒቶል ሕንፃ የመጡት 22 ዓምዶች ሜዳ መሃል ቆመው የሚታዩትም እዚያ ነው። በየሰርግ አልበሙ ላይ ያየናቸው ዓምዶች መሆናቸውን አስታወሰን። የኔ የአክስት ልጅም እዚያ ተነስታለች፤ ጀርባዋ ላይ ያሉት ዛፎች ምን ዓይነት እንደነበሩ ብጠየቅ አላውቅም።

6ኛው ትንሽ አረመው። ሜትሮ አጠገቡ ስለሌለ መኪና ለሌለው ሰው ችግር ነው። በ2025 የአውቶቡስ ቁጥሮች በሙሉ ስለተቀየሩ ድሮ የምታውቁትን ቁጥር ይዛችሁ እንዳትወጡ ብሎም አስጠነቀቀ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ስለ ጃፓኖቹ የሳህን ዛፍ፣ ቦንሳይ ስለሚባለው፣ በሳህን ተተክሎ ትንሽ ሆኖ ስለሚቀረው ዛፍ ጀመረ። ከ1625 ጀምሮ በእንክብካቤ የኖረ፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ተርፎ በ1976 ለአሜሪካ የተሰጠ ጥድ መሰል ዛፍ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ።

7ኛ ምላሽ

ያ ዛፍ ቅጠሉን አያረግፍም፣ ታዲያ ከጥያቄው ጋር ምን አገናኘው አለ። ልክ ነው። ያም ሆኖ እኔ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

8ኛ ምላሽ

ወቅቱ ጸደይ ነው፣ ጸደይ በያት አለ። አንድ መስመር። ከዚህ በኋላ የሆነውን እግዜር ይቁጠረው።

9ኛ ምላሽ

ሁለት ገጽ ተኩል። ዋና ነገሩ ይህ ነው። በአባቶች አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። በጋ እስከ መጋቢት 25። ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። ስለዚህ አሁን ያለነው መጸው ላይ ነው፤ ጸደይ ማለት ስህተት ነው። የቀረው ገጽ ስለ ትውልዱ፣ ስለ ትምህርት ጥራትና 8ኛውን ስላሳደገው ሰፈር ነው። እሱን ትቼዋለሁ።

10ኛና 11ኛ ምላሽ

10ኛዋ በትህትና መለሰችለት። እሷ በተማረችበት ዘመን ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጸደይ፣ ከመጋቢት ወዲያ ያለው በልግ ተብሎ ነው የተጻፈው። መምህሯ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የጻፉት እስካሁን ዓይኗ ላይ አለ። ግማሹ አገር እንዲህ የሚናገር ከሆነ ስህተት ነው ማለት አይከብድም ወይ አለች።

11ኛው ግን ትህትና አያውቅም። በዚህ ሂሳብ ብዙ ሰው ከተሳሳተ ትክክል ይሆናል ማለት ነው ብሎ አላገጠባት። የ10ኛዋን ፊደልም አረመ። በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ የሚለው ክርክር ሌላ አራት መልእክት ወለደ። አወያዩ ወደ ሌላ ክር አዛወራቸው፤ ለዚህ ነው ቁጥር ያልተሰጣቸው።

12ኛ ምላሽ

ይህ ሰው ሁለቱንም ወገን አልነካም። እዚህ ከተማ ካሉት የእኛ ቤተ ክርስቲያኖች ባንዱ ያገለግላል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው አርባ ቀን ዘመነ ጽጌ መሆኑን አስታወሰን። አገር ቤት ክረምቱ አልፎ ሜዳው አበባ የሚለብስበት ጊዜ ነው። እዚህ ደግሞ በዚያው አርባ ቀን ውስጥ ነው ቅጠሉ የሚቀላውና የሚረግፈው። ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ። ስለ አበባ ሲዘምሩ አድረው ሲነጋ በሩን ሲከፍቱ ደረጃው በቢጫ ቅጠል ተሸፍኖ ይጠብቃቸዋል። ጫማቸውን ሲያደርጉ ውስጡ ቅጠል ገብቶ ያገኛሉ። ይህ ወቅት ምን እንደሚባል እሱም ሳይወስን ነው የጨረሰው።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

13ኛ ምላሽ

4ኛው ተመልሶ ስለ ፓርኪንግ ጠየቀ።

14ኛ ምላሽ

ጊንኮ የሚባለውን ዛፍ የሚያደንቅ ነው። የዲሲ የእግረኛ መንገዶች ዳር ብዙ አለ። ቅጠሉ ትንሽ ማራገቢያ ይመስላል። መጀመሪያ ሙሉ ለሙሉ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ የመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ ሲመጣ አብዛኛው ባንድ ጠዋት ይራገፋል። እዚያ ቀን ላይ ከደረስሽ መንገዱ፣ መኪናው፣ የቆሻሻ በርሜሉ ሳይቀር ቢጫ ይሆናል። ግን ውርጩ ኅዳር ላይ ስለሚመጣ ለዚህ ቅዳሜ አይደርስም።

እዚህ ቢያቆም አንድም ሰው ባልተጣላ። ፍሬው ሲረገጥ የሚሸተውን ሊያስጠነቅቀኝ ፈልጎ የቆየ ቂቤ ይሸታል አለ። ይሁን። ከዚያ ከገጠር ትመጣ የነበረች አክስቱ አናት ትዝ እንደሚለው ጨመረበት።

15ኛ ምላሽ

ተቆጣች። በጣም። አናት በለጋ ቂቤ ነው የሚቀባው፤ አክስትህ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ የሸተተችህ አንተ ስለተጠየፍካት ነው የሚል ነበር። እኔም እያነበብኩ የራሴን አያት አስታወስኩ። ቂቤውን በአደስና በኮሰረት አሽታ አናቴ ላይ ስታደርግልኝ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። 15ኛዋ የተቆጣችው በደንብ ገብቶኛል።

16ኛ ምላሽ

አስታራቂ ሆኖ መጣ። የኬሚስትሪ ሰው ይመስላል። የጊንኮ ፍሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ቡቲሪክ አሲድ የቆየ ቂቤ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ የ14ኛው አፍንጫ አልተሳሳተም፤ 15ኛዋም ለጋ ቂቤ አይሸትም ማለቷ ትክክል ነው አለ። ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ዛፍ ብቻ ናት። ቅጠሉ ንጹሕ ነው።

17ኛና 18ኛ ምላሽ

17ኛዋ ፍሬውን ጓንት አድርገው የሚለቅሙ የእስያ እናቶች ሰፈሯ እንዳሉ ነገረችን። ሽታው ያለው ውጪው ላይ ነው፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ታጥቦና በስሎ ይበላል። 18ኛው በአወያዩ ተሰርዟል። ያየሁት ግን አለ። ይሰረዝ ዘንድ የሚገባው ነበር።

19ኛ ምላሽ

ይህኛው ጥሩ አድርጎ ነካን። ይህ ሰው የሚሠራው የሰው ግቢ በማጽዳት ነው። በዚህ ወር ሥራው ቅጠል ብቻ ነው። ጠዋት ያጸዳውን ግቢ ከሰዓት ንፋስ መጥቶ እንዳልነበረ ያደርገዋል፤ ባለቤቱ ደግሞ ደውሎ አልተጠረገም ይላል። ዝናብ ሲነካው ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። እናንተ ወንበር ዘርግታችሁ ስለ ቀለም ታወራላችሁ፣ እኔ ማታ ወገቤ ላይ ሙቅ ውሃ አስሬ ነው የምተኛው ነው የነገሩ ፍሬ ሐሳብ። የሚያምር ቅጠል አይቶ እንደማያውቅ አላለም። የሚያይበት ሰዓት እንደሌለው ነው የጻፈው።

20ኛና 21ኛ ምላሽ

20ኛው አጽናናሁ ብሎ ከ2022 ጀምሮ ዲሲ ውስጥ በቤንዚን የሚሠራ የቅጠል መንፊያ ማሽን መከልከሉን አነሳ። ቢያንስ ጭሱና ጩኸቱ ቀርቷል ለማለት ነው። 19ኛው ተመልሶ 21ኛ ሆነ። ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ ቅጠሉ አልቀነሰም አለ። እኔ ሁለቱን ሳነብ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፓርታማዬ በር ላይ ቅጠሉን ማን እንደሚያነሳው አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠየቅኩ ታወቀኝ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰውዬ ሲጠርግ አየሁና ሰላም አልኩት። ጆሮው ላይ መከላከያ ስለነበረው አልሰማኝም።

22ኛና 23ኛ ምላሽ

22ኛው ቅጠሉን የሚያቀላው ውርጭ ነው፣ ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ አስረጃት አለ። 23ኛዋ አረመችው። ጠንካራ ውርጭ ቅጠሉን ይገድለዋል እንጂ አያስውበውም። የሚያቀላው ብሩህ ቀንና ውርጭ ያልነካው ቀዝቃዛ ሌሊት ነው።

ከዚያ እናቴ በሚገባት መንገድ ጻፈችልኝ። ቅጠል የዛፉ ወጥ ቤት ነው። በጋውን ሙሉ ከፀሐይ ምግብ ሲያበስል ይከርማል። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ወጥ ቤቱን ሊዘጋ ይነሳል፤ የሚጠቅመውን ዕቃ ወደ ግንዱ ይሰበስባል። አረንጓዴው ክሎሮፊል ቀድሞ ይጠፋል። ቢጫው አዲስ አይደለም፤ ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ የኖረ ነው። ቀዩ ግን ያኔ የሚሠራ ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር። መጨረሻ ላይ የቅጠሉ እግር ላይ ስስ ንጣፍ ይበቅልና ከቅርንጫፉ ይለየዋል። ኦክና ቢች የሚባሉት ዛፎች አንዳንዴ አንለቅም ብለው የደረቀ ቅጠላቸውን ይዘው ይከርማሉ።

ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ቢጫው ድሮም ውስጡ ነበር የሚለው ላይ አስቆመችኝና ድገሚው አለችኝ።

24ኛ ምላሽ

ከአዲስ አበባ የተጻፈ ነው። አገር ቤት ዛፍ አይረግፍም የሚል ነገር ክሩ ውስጥ ሸትቶኛል ብሎ ገባ። ኮርች ቅጠሉን ጥሎ ባዶ እንጨቱ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። ጃካራንዳም ከማበቡ በፊት ይራቆታል። ግን እኛ ዘንድ የሚያራግፈው ውሃ ማነስ ነው፣ በበጋ፤ እዚያ ብርዱና የቀኑ ማጠር ነው። ጥድ፣ ወይራና ባሕር ዛፍ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። እና እናትሽ አልተሳሳቱም አለኝ። ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ሳለ፣ በጥቅምት ቅጠሉ የቀላ ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ብታይ አንቺም ታሟል ትያለሽ።

እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። ሰኞ ጠዋት በሆዴ ስቄባት ነበር።

25ኛ ምላሽ

ከዱባይ። ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ምክርም ክርክርም የላትም። የምታየው ተምር ብቻ እንደሆነና ፎቶ ካነሳሁ እንድለጥፍላት ጠየቀችኝ። ሰባት ለጥፌያለሁ። እናቴ ያለችበትን ሳይሆን ዛፉ ብቻ ያለበትን ነው፤ ፈቃድ አልሰጠችም።

26ኛ ምላሽ (የኔ)

እንዴት እንደዋልን ልንገራችሁ። ቅዳሜ የ3ኛውን ምክር ይዘን፣ የሚታጠፍ ወንበር ጭነን ወጣን። መንገድ ላይ እንጀራ ልግዛ ብዬ ሁልጊዜ የምገዛበት ሱቅ ጎራ አልኩ። መኪናዋን ከሱቁ ጀርባ አቆምኩ። ስመለስ እናቴ መኪና ውስጥ የለችም።

የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አንድ ሜፕል አለ። ያን ያህል ትልቅ አይደለም። አስፋልቱ መሃል አራት ማዕዘን አፈር ተትቶለት የቆመ ነው። ስንት ዓመት እዚያ መኪና አቁሜያለሁ፤ አላየሁትም። ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። ፀሐይ ከጀርባው ስለነበረች ቅጠሉ እንደ በርበሬ ሳይሆን እንደ ፍም ነበር የሚመስለው። እናቴ ሥሩ ቆማ አንጋጣ ታያለች። እንሂድ አልኳት። ቆይ አለች። ወንበሩን ከመኪና አወጣሁላት። አንድ ሰውዬ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ አይቶን፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እኛ የምናየውን አየና ሄደ። አርባ ደቂቃ ተቀመጥን። እንጀራው ከረጢቱ ውስጥ ላበ።

ሮክ ክሪክም ሄድን። ያማረ ነው፤ ወንዙም ቅጠሉን ሲያሽከረክር አይተናል፤ 3ኛው እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ በጨዋነት አየችው። ለአዲስ አበባ ስትደውል ግን የምታወራው ስለ ሱቁ ጓሮ ዛፍ ነው። አምስት ቅጠል ለቅማለች። ነቁጥ ያለበትን እየመለሰች፣ ጎመን እንደምትመርጥ ነው የመረጠችው። ዳዊቷ ውስጥ አስገብታቸዋለች።

የወቅቱንም ስም ጠየቅኳት። መጸው የሚሉ አሉ፣ ጸደይ የሚሉ አሉ፣ ሰዎቹ እስከ ስድብ ደርሰዋል አልኳት። ጥቅምት አይደል እንዴ አለች። ንፋሱ መጣ። ነጠላዋን አፏ ድረስ ሳበችና በጥቅምት አንድ አጥንት ብላ ሥጋ ቤት ወስደሽኝ ወደ ቤት እንግባ አለች። ማታ ቅቅል በላን።

27ኛ ምላሽ

4ኛው ነው። በጣም እንደተደሰተ ጻፈ፤ ዛፉ ፓርኪንግ ውስጥ ስለሆነ። አድራሻውን ጠየቀኝ። በግል ላክሁለት።

28ኛ ምላሽ

እሱው፣ ከአራት ቀን በኋላ። ሰኞና ማክሰኞ በዘነበው ዝናብ ዛፉ ተራግፎ አንድም ቅጠል አልቀረለትም። ፓርኪንግ ግን ሞልቷል፣ በነፃ ነው፣ እንጀራም ገዝቶ ተመልሷል።